ባቡሩን ሁሉም ይፈልጋል፤ ሒሳቡ ሲመጣ ማን ይከፍላል?

ሀዲድ_ወዳጅ

ሰላም ለሁላችሁ። ሰሞኑን ከአንድ የሥራ ባልደረባዬ ጋር ስንጨቃጨቅ ነው የሰነበትነው። እሱ ነገሩን ቀላል ያደርገዋል፤ «የሚሳፈር ይክፈል፣ እኔ መኪና ነው የምነዳው» ይላል። እኔ አልስማማም። ግን ለምን እንደማልስማማ በደንብ ማስረዳት አቃተኝና ወደ እናንተ ይዤው መጣሁ።

የማወራው ከተማ ውስጥ ስለሚሽከረከር ትንሽ ትራም አይደለም። ብዙ ከተሞችን፣ አንዳንዴም ብዙ አገሮችን ስለሚያገናኝ መስመር ነው። ዋሻ ያለው፣ ድልድይ ያለው፣ ለመሥራት አሥርና አሥራ አምስት ዓመት የሚፈጅ፣ ሒሳቡ በቢሊዮን የሚቆጠር። ማን ይክፈለው? ተሳፋሪው? ማዕከላዊው መንግሥት? መስመሩ የሚያልፍባቸው ክልሎች? ወይስ ብድር ተወስዶ ልጆቻችን ይሸከሙት?

የኔ ሐሳብ ለጊዜው ይኼ ነው። ጣቢያ ሲመጣ አጠገቡ መሬት ያለው ሰው ምንም ሳያወጣ ቁጭ ብሎ ይከብራል። ከእሱ ነው መጀመር ያለብን ባይ ነኝ። ተሳሳትኩ?

ቆጣሪው

ወንድሜ ሁለት ጥያቄ ተቀላቅሎብሃል። ዛሬ ገንዘቡን የሚያቀርበው ማነው የሚለው አንድ ነው። መጨረሻ ላይ ከማን ኪስ ይወጣል የሚለው ሌላ ነው። ባንክ አይከፍልም፣ ያበድራል። ቦንድ የገዛም አይከፍልም፣ ወለዱን ጨምሮ ይወስዳል። የግል ኩባንያ «ኢንቨስት አደርጋለሁ» ብሎ ሲመጣም ያው ነው፤ ዓይኑ መልሶ በሚያገኘው ላይ ነው። ዞሮ ዞሮ ከፋዩ ሁለት ነው፤ ተጠቃሚና ግብር ከፋይ።

ሦስተኛ ከፋይ አለ ከተባለ የተታለለ ባለአክሲዮን ነው። የእንግሊዝና የፈረንሳይን የባሕር ሥር ዋሻ አስታውሱ። የታቸር መንግሥት ከሕዝብ ገንዘብ አንድ ሳንቲም አይወጣም ብሎ ድርቅ አለ፣ ዋሻው ሙሉ በሙሉ በግል ገንዘብ ተሠራ። ወጪው ከታቀደው 80 በመቶ ያህል አልፎ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ1994 ሲከፈት ደግሞ በባቡሩ የመጣው ተሳፋሪ ከተተነበየው ግማሹን እንኳ አልሞላም። ጡረታዬን ያቆይልኛል ብሎ አክሲዮን የገዛ ብዙ ተራ ፈረንሳዊ እጁ ላይ ወረቀት ቀረበት፣ በ2007 የኩባንያው ዕዳ ከግማሽ በላይ ተሰረዘ። ዋሻው ግን እስከ ዛሬ አለ፣ ባቡሩም ይመላለሳል። «በነፃ» የተሠራ ነገር ሲሏችሁ የከሰረውን ሰው ፈልጉ።

መኪና_ነጂ

የሥራ ባልደረባህ ትክክል ነው። የማልሳፈርበትን ለምን እከፍላለሁ? ነዳጅ ስቀዳ እከፍላለሁ፣ መኪናዬን በዓመት ሳስመረምር እከፍላለሁ፣ ማንም ለኔ አላዘነም። ጃፓንን እዩ። ቶኪዮና ኦሳካ ዙሪያ ያሉት የግል የባቡር ኩባንያዎች የመንግሥትን እጅ ሳያዩ አትርፈው ይሠራሉ። ቲኬቱን ትክክለኛ ዋጋው ላይ አድርጉት፣ የፈለገ ይሳፈር። በቃ።

ሰባተኛ_ፉርጎ (ለመኪና_ነጂ)

የጃፓኑን ግማሹን ብቻ ነው የነገርከን 😄

የኦሳካውን የግል የባቡር ኩባንያ ሃንኪዩን እንውሰድ። መሥራቹ ኢቺዞ ኮባያሺ መስመሩን በ1910 ሲከፍት አብሮ ምን አደረገ? ሀዲዱ በሚያልፍበት ገጠር መሬት በርካሽ ገዛ፣ ቤት ሠራበት፣ በየወሩ በሚከፈል ክፍያ ለደመወዝተኛ ሸጠው። ገዢው ሥራ የሚሄደው በማን ባቡር ነው? በሱ። እሑድ ደግሞ ባቡሩ ባዶ እንዳይሄድ በመስመሩ ጫፍ ታካራዙካ ላይ መዝናኛ ከፈተ። በመነሻው ኡሜዳ ጣቢያ ላይ በ1929 ትልቅ የገበያ አዳራሽ አቆመ። ሰውየው ቲኬት ብቻ እየሸጠ አይደለም የከበረው። ሀዲዱ የፈጠረውን የመሬት ዋጋ ራሱ ቀድሞ ይዞት ነበር። ሀዲድ_ወዳጅ ስለ መሬቱ ያለውን ነገር ነው ከመቶ ዓመት በፊት የሠራው።

ቲኬት ብቻውን ምን እንደሚያደርግ ማየት ከፈለግህ የመንግሥቱን የጃፓን ባቡር ድርጅት እይ። በ1987 ተበታትኖ ወደ ግል ሲዞር ዕዳው 37 ትሪሊዮን የን ደርሶ ነበር። ከዚያ ውስጥ አብዛኛው የወደቀው በመንግሥት ጫንቃ ላይ ነው።

እርግጥ ነው፣ ከቶኪዮ ኦሳካ የሚሄደው የ1964ቱ ፈጣን ባቡር ወጪውን መልሷል፣ ከዓለም ባንክ የተበደረውን 80 ሚሊዮን ዶላርም ከፍሎ ጨርሷል። ግን እንደዚያ ሰው የታጨቀበት መስመር በዓለም ላይ ስንት አለ? በጣት የሚቆጠር ነው። እሱን አይቶ ሌላውን መለካት ያሳስታል።

አስፋልት

@መኪና_ነጂ አንተ ባቡሩ ላይ ባትወጣም ባቡሩ ላይ የወጣው ሰው ከፊትህ መኪና ይዞ አልቆመም። ለሱ ስንት ትከፍላለህ?

መኪና_ነጂ

@አስፋልት ይህቺን አልክድም። ግን ገደብ ይኑራት። «ሁሉም ይጠቀማል» የሚለው ሐረግ ከተጀመረ ማንም ማንንም ያስከፍላል።

በመሃል_ያለሁ

እስካሁን ስለ ግለሰብ ነው ያወራችሁት። እኔን የሚያበሳጨኝ የክልሉ ጉዳይ ነው። መስመሩ ከሀ ተነሥቶ ሐ ይደርሳል፣ መሃል ላይ ለ አለ። ሀ እና ሐ ይደሰታሉ። ለ ሀዲዱን አሳልፎ፣ መሬቱን ሰጥቶ፣ ጩኸቱን ሰምቶ፣ ሒሳብም ይላክለታል!

ይኼ ቀልድ አይደለም፣ አሁንም ያልተፈታ ጉዳይ ነው። ጃፓን ውስጥ ኪዩሹ ደሴት ላይ ወደ ናጋሳኪ የሚሄድ ፈጣን ባቡር አለ። መሃል ላይ ሳጋ የምትባል ግዛት አለች። የጃፓን ደንብ እንዲህ ይላል። አዲስ የፈጣን ባቡር መስመር ሲሠራ መጀመሪያ የባቡሩ ኩባንያ የሚከፍለው የሀዲድ ኪራይ ይቀነሳል። ከቀረው ሁለት ሦስተኛውን ማዕከላዊው መንግሥት፣ አንድ ሦስተኛውን መስመሩ በግዛቷ የሚያልፍባት ግዛት ትከፍላለች። ወረቀት ላይ ሲያዩት ፍትሐዊ ይመስላል።

አሁን የሳጋን ሰው ሁኑ። ከሳጋ ወደ ትልቁ ከተማ ፉኩኦካ በአሮጌው ሀዲድ በሚሄደው ባቡር ለመሄድ 40 ደቂቃ እንኳ አይሞላም። አዲሱ መስመር ቢሠራ የሚተርፋቸው 15 ደቂቃ ቢሆን ነው። ብዙ ደቂቃ የሚተርፈው ለናጋሳኪ ነው። ሒሳቡ ግን የሚመጣው በኪሎ ሜትር ነው፣ ሀዲዱ ያለው ደግሞ ሳጋ ውስጥ ነው። በዚያ ላይ አዲሱ ሲከፈት አሮጌውን መስመር ኩባንያው ሊለቀውና ሸክሙ ወደ ግዛቷ ሊዞር ይችላል። መጀመሪያ የተስማሙት በአሮጌው ጠባብ ሀዲድም በአዲሱ ሰፊ ሀዲድም ላይ የሚሄድ ባቡር ይመጣል ተብሎ ነበር። ቴክኖሎጂው አልሠራም፣ ተተወ። ሳጋም «እኔ ለዚህ አልተስማማሁም» አለች።

ውጤቱ ምን ሆነ? በመስከረም 2022 ከታኬኦ ኦንሰን እስከ ናጋሳኪ 66 ኪሎ ሜትር ብቻ ተከፈተ። ከሌላው የፈጣን ባቡር መረብ ጋር አይገናኝም። ከፉኩኦካ የተነሣ ሰው ታኬኦ ላይ ወርዶ፣ ፊት ለፊት ወደ ቆመው ባቡር ይሻገራል። 50 ኪሎ ሜትር ያህል ክፍተት መሃል ላይ ተገትሮ ቀረ። ቴክኒክ አቅቷቸው አይደለም እኮ። ማን ይክፈል የሚለው ነው ያቆመው።

የኔ አቋም ይኼ ነው፤ በክልል ድርሻ ሲከፋፈል በሀዲዱ ርዝመት መሆን የለበትም። ማን ስንት ደቂቃ፣ ስንት ተሳፋሪ፣ ስንት ቶን ጭነት አተረፈ በሚለው ይሁን።

ድንበር_ተሻጋሪ (ለበመሃል_ያለሁ)

በርዝመት መከፋፈል አያዛልቅም ስትል ትክክል ነህ። በአገሮች መካከልም ያዩት ነው። በሊዮንና በቶሪኖ መካከል በአልፕስ ሥር የሚቆፈረው 57.5 ኪሎ ሜትር ዋሻ አብዛኛው ያለው በፈረንሳይ ምድር ነው። ክፍፍሉ ግን የአውሮፓ ኅብረት 40 በመቶ፣ ኢጣሊያ 35፣ ፈረንሳይ 25 ነው። ኢጣሊያ ለምን በለጠች? ፈረንሳይ ከዋሻው ውጭ በራሷ በኩል የምትሠራው ረጅም የመዳረሻ መስመር ስላለባት። ማለትም ቁጭ ብለው ሙሉውን መንገድ አይተው ተደራደሩ።

ሌላው አካል ብዙ ሲከፍል ደግሞ ሌላ ችግር አለ። ባልቲክ ላይ ኢስቶኒያን፣ ላትቪያንና ሊትዌኒያን ከፖላንድ ጋር የሚያገናኘው 870 ኪሎ ሜትር መስመር ከአውሮፓ ኅብረት እስከ 85 በመቶ ይደጎማል። በ2017 ግምቱ 5.8 ቢሊዮን ዩሮ ነበር። በ2024 ወደ 24 ቢሊዮን ገደማ ሆነ። የዋጋ ንረትም ጦርነትም አለበት፣ እሺ። ግን ከመቶው 15ቱን ብቻ የሚከፍል ሰው ጣቢያውን አሳንሱልኝ ብሎ አይጮህም። ሰው የራሱ ገንዘብ ሲሆን ነው የሚቆጥበው።

የጣቢያው_ጎረቤት

እናንተ ልጆች፣ ስለ መሬት ባለቤት ስታወሩ ሁሉም ባለ ፎቅ ይመስላችኋል። እኔ ጡረተኛ ነኝ። ከዓመታት በፊት ሠፈራችን ጣቢያ ይሠራል ተባለ። ገና አንድ ብረት ሳይነጠፍ የቤቴ ግምት ተነሣ፣ የቤት ግብሩም አብሮት ወጣ። ባቡሩ የመጣው ይመጣል ከተባለበት አራት ዓመት ዘግይቶ ነው። በመሃል ያየሁትን እኔ ነኝ የማውቀው። አቧራው፣ ሌሊት የማሽኑ ጩኸት፣ ማጀቴ ግድግዳ ላይ የመጣው ስንጥቅ። ስለ ስንጥቁ ላመለክት ብሄድ አንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ይልከኛል፣ ያኛው ደግሞ መልሶ ወደዚህ።

ቤቴ ዋጋው ጨመረ ይሉኛል። ካልሸጥኩት ምን ጨመረልኝ? ግድግዳ አይበላ። ጡረታዬ እንደሆነ ያው ነው።

ሀዲድ_ወዳጅ (ለየጣቢያው_ጎረቤት)

እናቴ እርስዎ ያሉት እውነት ነው፣ እኔም መጀመሪያ ስጽፍ አላሰብኩትም። በወረቀት ላይ የወጣ ዋጋና እጅ ላይ የገባ ገንዘብ ይለያያል። ምናልባት ሲሸጥ ብቻ ቢከፈልስ? ወይም ከነባር ነዋሪ ሳይሆን አዲስ ፎቅ ለመገንባት ፈቃድ ከሚጠይቀው ቢሰበሰብስ?

ሰባተኛ_ፉርጎ

ሆንግ ኮንግ የምታደርገው ለዚህ ይቀርባል። የባቡሩ ኩባንያ (ሦስት አራተኛው የመንግሥት ነው) አዲስ መስመር ሲሠራ በጣቢያዎቹ ላይና ዙሪያ የመገንባት መብት ይሰጠዋል። ለመሬቱ የሚከፍለው ባቡር ባይኖር በሚያወጣው ዋጋ ነው። ከዚያ ከቤት ሠሪ ኩባንያ ጋር ተሻርኮ ያለማና ትርፉን ይካፈላል። ልዩነቱ ለሀዲዱ ይውላል። ጡረታ ላይ ያለ ሰው በር አይንኳኳም።

ሁሉም ቦታ አይሠራም ግን። እዚያ መሬቱ ቀድሞውኑ የመንግሥት ነው፣ በሊዝ ነው የሚሰጠው። መሬቱ በግለሰብ እጅ ተበጣጥሶ ያለበት አገር እንዲህ አድርግ ብትለው መጀመሪያ መንጠቅ አለብህ። ሆንግ ኮንግ የቤት ዋጋ ሰማይ የነካበት ከተማ መሆኑንም አትርሱ፤ መንግሥት ከመሬት ዋጋ መወደድ የሚጠቀም ከሆነ እንዲረክስ አይታገልም።

ቆጣሪው

ለንደን መሃል መንገድ ይዛለች። ኤልሳቤጥ የተባለውን መስመር ሲሠሩ ከ2010 ጀምሮ በትላልቅ የንግድ ሕንፃዎች ላይ ተጨማሪ ክፍያ ጣሉ፤ ከሕንፃው ዓመታዊ የኪራይ ግምት በአንድ ፓውንድ 2 ፔንስ። መጀመሪያ ላይ ግምቱ ከ55,000 ፓውንድ በታች የሆነው አይነካም። መኖሪያ ቤትም አይነካም። ትንሹ ነጋዴም፣ እንደ እትዬ ያለ ጡረተኛም አልተነካም ማለት ነው። ካናሪ ዎርፍ በተባለው የንግድ ሠፈር ያለው አልሚ ደግሞ ጣቢያው ደጁ ስለሚሆንለት 150 ሚሊዮን ፓውንድ አዋጣ። ፈረንሳዮች ከ1970ዎቹ ጀምሮ ከተወሰነ ቁጥር በላይ ሠራተኛ ያለው አሠሪ ከደመወዝ ላይ ለትራንስፖርት እንዲከፍል ያደርጋሉ፣ ምክንያታቸው ሠራተኛህን በሰዓቱ ደጅህ የሚያደርስልህ ባቡሩ ነው የሚል ነው። ይኼ ለኔ በጣም ይገባኛል።

ከፍዬ_የቀረሁ

ሁላችሁም ስለ ፍትሐዊ ክፍፍል ታወራላችሁ፣ ከፍሎ የሚቀርስ? ዴንቨር፣ አሜሪካ። በኅዳር 2004 ሕዝቡ ድምፅ ሰጠ። ከእያንዳንዱ 100 ዶላር ግብይት 40 ሳንቲም ለባቡር ይጨመር ተባለ፣ ፀደቀ። ቃል ከተገባው አንዱ በቦልደር አድርጎ እስከ ሎንግሞንት የሚደርስ መስመር ነበር። ከ2005 ጀምሮ የሎንግሞንት ሰው ጫማም ሶፋም ሲገዛ ይከፍላል። ወጪው ሲያብጥ፣ በ2008 ገቢው ሲወርድ፣ የእነሱ መስመር ወደ ኋላ ተገፋ። በ2016 የተከፈተው የመጀመሪያዋ ቁራጭ ብቻ ናት። ለቦልደር ፈጣን አውቶቡስ መጣላት። ሎንግሞንት ሃያ ዓመት ከፍላ ባቡሯን አላየችም።

ስለዚህ የኔ ቅድመ ሁኔታ አንዲት ናት። ግብሩ ከመስመሩ ጋር ይታሰር። መስመሩ በተባለው ጊዜ ካልመጣ ለዚያ አካባቢ ሰው ግብሩ ይቁም።

ሲቪል_ነኝ

በሙያዬ እዚያው ነኝ፣ ከተቋራጭም ከአማካሪም ጋር ሠርቻለሁ። የእናንተ ጥያቄ «ማን ይክፈል» ነው። እኔ ስብሰባ ላይ ስቀመጥ ሁሌም የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። የተጨመረውን ማን ይክፈል? ምክንያቱም ይጨምራል። የዴንማርኩ ተመራማሪ ቤንት ፍሊቭቢዬርግ ከባልደረቦቹ ጋር በ2002 ባወጣው ጥናት የባቡር ፕሮጀክቶች በአማካይ ከግምታቸው 45 በመቶ ገደማ በላይ እንደሚያስወጡ አሳይቷል።

ለምን? ዋሻ ስትቆፍር ታች ያለውን ዐለት በጥቂት ጉድጓድ ናሙና ነው የምትገምተው። መሬት ማስለቀቅ ከታሰበው ሁለት እጥፍ ጊዜ ይወስዳል። የውኃና የመብራት መስመር ማንሣት የሚባል ራስ ምታት አለ፤ ካርታው ላይ የሌለ ቧንቧ ይወጣል። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ግምቱ ሲሠራ ሆን ተብሎ ዝቅ ይደረጋል። እውነተኛው ቁጥር ቢነገር ማንም አይፈርምማ።

እናም ውሉ ላይ ስለ ጭማሪው በግልጽ ካልተጻፈ ፍርድ ቤት ነው። የጀርመኗን ከተማ ሽቱትጋርትን ተመልከቱ። ጣቢያውን ከመሬት በታች ለማውረድ በ2009 ሲፈራረሙ እስከ 4.5 ቢሊዮን ዩሮ ያለውን ተከፋፈሉ፤ የባቡር ድርጅቱ፣ ክፍለ ግዛቱ፣ ከተማው፣ አውሮፕላን ማረፊያው ሳይቀር። ከዚያ በላይ ቢሆንስ? ውሉ ምን አለ መሰላችሁ፣ «እንነጋገራለን»። ወጪው ከ11 ቢሊዮን አለፈ። ተነጋገሩ፣ አልተግባቡም። የባቡር ድርጅቱ ከሰሰ፣ በግንቦት 2024 ተሸነፈ። ጭማሪውን ብቻህን ቻለው ተባለ። ድርጅቱ ግን የማን ነው? የፌዴራሉ መንግሥት። ሐምቡርግ ያለው ሰው ያላየውን ጣቢያ ከፈለ ማለት ነው።

ተቃራኒውም አለ። ኒው ጀርሲንና ኒው ዮርክን በሃድሰን ወንዝ ሥር የሚያገናኘው አዲስ ዋሻ ሥራው ተጀምሮ ነበር። ጭማሪው ሁሉ በኒው ጀርሲ ላይ ነው የሚል ስለነበረበት አገረ ገዢው ክሪስ ክሪስቲ በጥቅምት 2010 ሰረዘው። በ2012 አውሎ ነፋሱ ሳንዲ በ1910 የተከፈቱትን አሮጌ ዋሻዎች በጨው ውኃ ሞላቸው። አሁን ያው ዋሻ በሌላ ስም በ16 ቢሊዮን ዶላር እየተሠራ ነው። ያኔ የታቀደው ወጪ 9 ቢሊዮንም አይሞላም ነበር።

መኪና_ነጂ

@ሲቪል_ነኝ የሃድሰኑን አላውቅም ነበር። ያናድዳል።

ወለድ

ስለ ብድር ማንም በደንብ አላነሣም። ገንዘብ የሌለው አገር ከሆንክ ተከፋፈሉ ብሎ ነገር የለም፣ ትበደራለህ። ኬንያ ለሞምባሳ–ናይሮቢ መስመር 90 በመቶውን ከቻይናው ኤግዚም ባንክ ተበደረች፣ በ2017 ተከፈተ። በጎን ከ2013 ጀምሮ ከውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ 1.5 በመቶ የባቡር ቀረጥ ጣለች። ከአዲስ አበባ ጅቡቲ የሚሄደውም ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ተመረቀ፣ አብዛኛው ገንዘብ ከዚያው ባንክ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ የብድሩ መክፈያ ጊዜ ወደ 30 ዓመት እንዲራዘም ስምምነት ተደረገ።

ብድር ኃጢአት አይደለም። ሀዲድ መቶ ዓመት ይቆያል፣ በሚቀጥለው ሠላሳ ዓመት የሚሳፈረው ሰው ድርሻውን ቢከፍል ምን ክፋት አለው? ቁም ነገሩ ሌላ ነው። ባቡሩ ቲኬትና የጭነት ዋጋ የሚሰበስበው በአገር ውስጥ ገንዘብ ነው። ዕዳው በውጭ ገንዘብ ነው። ምንዛሪው ሲወድቅ ባቡሩ አንድም ሰው ሳይቀንስበት ዕዳው ያድጋል። መስመሩ «አላዋጣም» ሲባል ስትሰሙ መጀመሪያ ዕዳው በምን ገንዘብ ነው ብላችሁ ጠይቁ።

ሌላው የመክፈያ ጊዜ ነው። ጭነት ወደ ባቡር የሚመጣው ቀስ ብሎ ነው። መጋዘን ተሠርቶ፣ ደረቅ ወደብ ተስተካክሎ፣ ፉርጎ ተሟልቶ፣ ነጋዴው ከከባድ መኪና ልማዱ ወጥቶ ማለት ነው። ባንኩ ግን አይጠብቅም። በአሥር ዓመት ክፈል ካሉህ ልጅህ መራመድ ሳይጀምር ሩጥ እንደማለት ነው።

አስፋልት

የኔ ምርጫ ስዊዘርላንድ ናት፣ አልደብቅም። እዚያ ከ2001 ጀምሮ ከባድ መኪና በሄደበት ኪሎ ሜትርና በክብደቱ ይከፍላል። ከሱ ትልቁ ድርሻ ለባቡር ይውላል። በ2016 የተከፈተው 57 ኪሎ ሜትር የጎትሃርድ ዋሻ ገንዘቡ በብዛት ከዚያ መጣ። በ2014 ደግሞ ሕዝቡ በ62 በመቶ ድምፅ ቋሚ የባቡር ፈንድ አፀደቀ። የከባድ መኪናው ክፍያ፣ ከተጨማሪ እሴት ታክስ ትንሽ፣ ካንቶን ከሚባሉት ክልሎች በዓመት 500 ሚሊዮን ፍራንክ እዚያ ቋት ውስጥ ይገባል። ሥራ ለመመላለስ ያወጣኸውን ከግብር ስትቀንስ ጣሪያ አበጁለት። ሁሉም ትንሽ ትንሽ ተነካ፣ ማንም አልተዘረፈም።

እኔን ያስገረመኝ የገንዘቡ መጠን አይደለም። ፈንዱ ከግንባታው በፊት ለጥገና ቅድሚያ የሚሰጥ መሆኑ ነው። ሌላው ቦታ ሪባን ይቆረጣል፣ ከአሥር ዓመት በኋላ ሣር ይበቅልበታል።

ድንበር_ተሻጋሪ

@አስፋልት ስዊስ ሀብታም ናት ወዳጄ። ከባድ መኪናውም ብዙ አማራጭ የለውም፣ አልፕስን መሻገር አለበት። ከሱ ይልቅ ኦሬሱንድ የተባለው የዴንማርክና የስዊድን ድልድይ ይቀዳል ብዬ አስባለሁ። ሁለቱ አገሮች እኩል የያዙት ኩባንያ መንግሥታቱ ዋስ ሆነውለት ተበደረ፣ በ2000 ተከፈተ፣ ዕዳው ከሚሻገረው ሰው እየተከፈለ ነው። ዋስ ስላለው ወለዱ ረከሰ። መኪናው ይከፍላል፣ ባቡሩም ይከፍላል። ለግንባታው ከሁለቱም ግምጃ ቤት በቀጥታ የወጣ የለም። የሚሠራው ግን ሰው በእርግጥ የሚሻገርበት ቦታ ላይ ነው፣ ዋሱም በባዶ ተስፋ ላይ መፈረም የለበትም።

ሀዲድ_ወዳጅ

አመሰግናለሁ፣ ሐሳቤን አስቀየራችሁኝ፣ ሙሉ በሙሉ ባይሆንም። የመሬቱን ነገር አልለቅም። ግን ከአዲስ ግንባታና ከትልልቅ የንግድ ሕንፃ እንጂ ከነዋሪ አይደለም። ማስኬጃውን፣ ማለትም ሠራተኛውን፣ መብራቱን፣ ጥገናውን፣ በተቻለ መጠን ተሳፋሪውና ጭነቱ ይቻል። ሀዲዱን ራሱን ከግምጃ ቤትና ከክልሎች፣ ድርሻቸው በሚያተርፉት ደቂቃና ቶን ይለካ፤ @በመሃል_ያለሁ አሳምኖኛል። ጭማሪው ላይ ግን ተቸግሬያለሁ።

ሲቪል_ነኝ

ጭማሪውን መስመሩንና ጣቢያውን የመረጠው አካል ይቻል። እኔ ያየሁት እንዲህ ነው፤ ዲዛይን የሚቀያይረው አንዱ ነው፣ የሚከፍለው ሌላው። ሁለቱን አንድ ሰው አድርጋችሁ ውሉ ላይ በቁጥር ጻፉት። እስከ 20 በመቶ ጭማሪ በድርሻችን፣ ከዚያ በላይ የቀየረው። «እንነጋገራለን» የሚል ቃል ያለበት ወረቀት ላይ አትፈርሙ።

መኪና_ነጂ

እሺ እኔም ልለዝብ። ለተከፈተልኝ መንገድ ትንሽ እከፍላለሁ። ግን @ከፍዬ_የቀረሁ ያለው ይግባበት፤ ባቡሩ ካልመጣ ግብሩ ይቁም። ቲኬቱንም በነፃ እንዳታደርጉት።

የጣቢያው_ጎረቤት

ሁሉንም ተከፋፈላችሁት። የማጀቴን ስንጥቅስ ማን ይጠግን?